ግንድ ለሚበሱት ጢንዚዛዎች ምን ልግዛ? ማንን ልጥራ? (ጥቆማ ለሎስ አንጀለስና አካባቢዋ)

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰዎች ከቅዳሴ ስንወጣ አቁመው ስልካቸውን አሳዩኝ። ሦስቱም ፎቶ አንድ ነው፦ የግንድ ቅርፊት፣ ጥቃቅን ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ወይም ጥቁር እርጥበት። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ይኼ የትኛው ጢንዚዛ ነው? ምን ልርጭበት?» በየተራ ከመመለስ እዚህ ልጻፈው። ባለሙያ አይደለሁም። ሁለት አቮካዶና አንድ ሲካሞር ነበሩኝ፤ ሲካሞሩ ዛሬ የለም። (በወንጌል ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ ሌላ ዛፍ ነው። የእንግሊዝኛው ስም ተመሳስሎባችሁ እንዳትደናገሩ።)

ከሁሉ አስቀድሜ ገንዘባችሁን ላትርፍላችሁ። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ጉዳት የሚያደርሱት መጤዎች ሁለት ናቸው፦ ፖሊፋገስ ሾት ሆል ቦረር እና ኩሮሺዮ ሾት ሆል ቦረር። ሁለቱን በዓይን ቀርቶ በጥሩ አጉሊ መነጽርም መለየት አይቻልም። ሴቷ ጥቁር ናት፤ ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች። ወንዱ ከእርሷም ያነሰ ቡናማ ነው፤ መብረር ስለማይችል ከተወለደበት ግንድ እምብዛም አይርቅም። የሚለያቸው የዘረ መል ምርመራ ነው፣ አለዚያም እያንዳንዱ ይዞት የሚዞረው ፈንገስ። ስለዚህ «ለዚህኛው ዝርያ ብቻ የተዘጋጀ» የሚል ጠርሙስ ካያችሁ መደርደሪያው ላይ ተዉት።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ተደናግረውበታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2003 ፖሊፋገሱ እዚሁ ዊቲየር ናሮውስ ላይ ሲገኝ የስሪላንካን ሻይ የሚያጠቃው ጢንዚዛ ነው ተብሎ ታለፈ። በ2012 ሳውዝ ጌት ውስጥ በአንድ ግቢ አቮካዶ ላይ ከነፈንገሱ ሲታይ ነው ነገሩ እንደ አዲስ የተመረመረውና ሌላ ዝርያ መሆኑ የታወቀው። ኩሮሺዮ ደግሞ በሳንዲያጎ በኩል ብቅ አለ። በ2018 እና በ2019 ስሞቹ እንደገና ስለተደለደሉ፣ በቆየ ጽሑፍ ላይ ዩዋላሲያ ዊትፎርዲዮዴንድረስ ተብሎ የምታገኙት ፖሊፋገሱ ዛሬ ዩዋላሲያ ፎርኒካተስ ነው። የሻዩ ዩዋላሲያ ፐርብሬቪስ ተብሏል፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለው እርሱ ነው። በ2009 እስራኤል ውስጥ አቮካዶ ላይ የተገኘው ግን የእኛው ፎርኒካተስ ነው። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ዘመዶቻችን ስለ ምልክቶቹ የምጽፈውን ውሰዱት፤ ስለ መሥሪያ ቤቶቹ የምጽፈውን ዝለሉት።

እኛን የሚጠቅመን ልየታ ሌላ ነው፦ ግንዴን የበሳው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው ወይስ ከነባሮቹ? ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የወርቅ ሠሪዎችን ዓይነት ትንሽ አጉሊ መነጽር ግዙ። በስልክ ካሜራ ላይ የሚለጠፈውንም ሞክሬዋለሁ። ለሰው የምትልኩትን ፎቶ ያሳምራል፤ ቀዳዳውን ለመለካት ግን እጅ ላይ የሚያዘው ይሻላል። እኔ ከሁለቱም ይልቅ ዘወትር ኪሴ ውስጥ የማላጣው እስክሪብቶ ነው። የእነዚህ ጢንዚዛዎች መግቢያ 0.85 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ክብና ንጹሕ ነው፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ልክ ይገባበታል። በእኛ ልኬት ከተባለ የጤፍ ፍሬ ነው። ቀዳዳው ሰፋ ብሎ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎኑ ቅስት ከሆነና ዛፉም ኦክ ከሆነ፣ ጥርጣሬያችሁን ጎልድስፖትድ ኦክ ቦረር ወደሚባለው ሌላ ጢንዚዛ አዙሩት። በገመድ የተለካ ይመስል በተርታ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ካያችሁ ደግሞ የወፍ ሥራ ነው፤ ግንደ ቆርቁር ታውቃላችሁ።

አቮካዶ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ብዙዎችን ያስደነግጣል። ዛፉ ሲቆስል የሚያወጣው ስኳር ነው፤ በሌላ ቁስልም ይወጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከሥሩ ጤፍ የምታክል ቀዳዳ ካለች ያን ጊዜ ተጨነቁ። ሲካሞር ላይ ምልክቱ ዱቄት ሳይሆን ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር እርጥበት ነው። ቅርፊቱን በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ብትፍቁት በቀዳዳው ዙሪያ ያለው እንጨት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ቢላዋውን ወደ ሌላ ዛፍ ከማስጠጋታችሁ በፊት በ70 በመቶ አልኮል አጽዱት።

የወጥመድ ነገር ብዙ ተጠይቄአለሁ። ኩዌርሲቮሮል የሚባል ሽታ ያለው ወጥመድ በእርግጥ ይስባቸዋል። ነገር ግን ሁለቱንም ዝርያ ስለሚስብ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም፣ ዛፋችሁንም አያድነውም። ለተመራማሪና ለትልቅ እርሻ እሺ፤ ለጓሮ ግን እኔ አልገዛም። ጢንዚዛዋን ማግኘት ከፈለጋችሁ በቀዳዳዎቹ ላይ ግልጽ የማሸጊያ ፕላስተር ለጥፉና ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ የምትወጣዋ ትጣበቃለች። አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ አስቀምጧት።

ብልቃጡን ወዴት? መጀመሪያ ወደ ነጻዎቹ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን በየካውንቲው ቢሮ አለው፤ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኛ አትክልተኞቹ ፎቶ አይተው በኢሜይል ይመልሳሉ። የካውንቲው የግብርና ኮሚሽነር ቢሮ ደግሞ አዲስ አካባቢ ላይ የታየ ሲሆን ናሙናውን ይፈልገዋል። እኔ ከኤክስቴንሽኑ መልስ ያገኘሁት በሳምንት ውስጥ ነው፤ አጻጻፋቸው ትሑት፣ ጥያቄያቸው ግን ብዙ ስለነበር የዛፉን ዓይነትና የቀዳዳዎቹን ብዛት አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።

ቀጥሎ የሚከፈልበት። ዓለም አቀፉ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አይ ኤስ ኤ፣ የምስክር ወረቀት የሰጠውን ሰው ጥሩ። መጋዝና ፒክአፕ መኪና ያለው ሁሉ የዛፍ ባለሙያ አይደለም፤ ይህን የተማርኩት በሲካሞሬ ነው። ርካሽ ብዬ የጠራሁት ድርጅት ቅርፊቱን ሁለት ጊዜ ረጭቶ ተከፈለው። እንዴት ሊሠራ ይችላል? ጢንዚዛዋ እንጨት አትበላም። በአፏ ባለ ከረጢት ፈንገሱን እንደ እርሾ ይዛ ትገባለች፣ ቦይ ትቆፍራለች፣ በግድግዳው ላይ ታበቅለዋለች፣ እርሷና እጮቿ ያንን ይበላሉ። ውኃ የሚያስተላልፈውን እንጨት ዘግቶ ዛፉን የሚያደርቀው ፈንገሱ ነው። ቅርፊት ላይ የተረጨ መድኃኒት እዚያ ድረስ አይደርስባትም። በመጨረሻ ዛፉን ቆርጠው ግንዱን እንዳለ ጭነው ወሰዱት፣ «ለማገዶ ይሆናል» ብለው! አንዲት ሴት ከመውጣቷ በፊት ከወንድሞቿ ጋር ስለምትገናኝ ብቻዋን አዲስ ዛፍ ላይ ቤተሰብ መመሥረት ትችላለች። ያ ማገዶ የት እንደደረሰ ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ እንጨቱን ምን እንደሚያደርጉት አብራችሁ ጠይቁ። ትክክለኛው መልስ «ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ስብርባሪ እንፈጨዋለን» ነው። ከዚያ በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍኖ ፀሐይ ማስመታት ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ ሙቀት 6 ሳምንት ይበቃል፣ በሌላው ጊዜ 6 ወር። ጥቁር ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ አትጠቀሙ። በግንድ ውስጥ የሚወጋው መድኃኒት፣ ኢማሜክቲን ቤንዞኤት፣ ገና በጀመረው ጉዳት ላይ ከቅርፊት ርጭት የተሻለ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ባለው ሰው ይሁን፤ ፍሬው ለሚበላ ዛፍ ደግሞ በመለያው ላይ ያልተፈቀደ ነገር አታስወጉ። ግንዱ ላይ ከ150 በላይ ቀዳዳ ከቆጠራችሁና ቅርንጫፎቹ መድረቅ ከጀመሩ ገንዘቡን ለማስቆረጥ አውሉት።

አንድ የማይሸጥ ጥቆማ ልጨምር። ጉሎ እነዚህ ጢንዚዛዎች ከሚዋለዱባቸው ዛፎች አንዱ ነው። እዚህ በየሸለቆው ይበቅላል፤ ግቢያቸው ውስጥ የተከሉም አሉ። ከሦስቱ ጠያቂዎቼ አንዷ ትልቅ እናት ነበሩና አቮካዷቸውን ልይ ብዬ ስሄድ ከጎኑ ቁመቱ ከእኔ የበለጠ ጉሎ ቆሟል፣ ግንዱ ወንፊት ሆኗል።

«እማማ፣ ይኼ መቆረጥ አለበት» አልኳቸው።

«ምጣዴን በምን ላስሰው?»

ጎመን ዘር አመጣልዎታለሁ አልኳቸው። እስካመጣ ድረስ አናስነካም ብለዋል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ጥሩ ጎመን ዘር ያገኛችሁ የትኛው ቤት እንደሆነ ጠቁሙኝ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ።