«የፈረንጅ ጭረት» የተባለው የልጄ ሥዕል

የስድስተኛ ቢ እናት፦
ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበረን። የልጆቹ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጥ ተባለ። እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ሥዕል ካስተማራችሁም የራሳችንን አስተምሩ፤ የፈረንጅ ጭረት ለልጄ ምን ያደርግለታል?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። መምህሩ በዚያ ሳምንት ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነግሯቸው ነበር። ልጄም በቀይና በጥቁር ብቻ የሰፈራችንን ዝናብ ሥላ መጣች፣ ግድግዳ ላይም ተለጠፈላት። ጭረት የተባለው እሱ ነው። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ሰማች። ከዚያ ወዲህ የሥዕል ደብተሯን አታሳየኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቁጥር ወዳድ፦
እህቴ፣ ለልጅሽ አዝናለሁ። ግን ሰውዬው ምን አጠፉ? 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ ሥዕል አይመጣም፣ ሒሳብ ነው የሚመጣው። ልጄ ክፍልፋይ መደመር አቅቶት ማታ ማታ እያለቀሰ ነው የሚተኛው። ሰዓት ካለ ለሱ ይሰጠው።

ጋሼ ብራና፦
ስለ ሒሳቡ አልከራከርም። «የራሳችንን» ባሉት ግን ከአባትየው ጋር ነኝ። ልጆቻችንን ሣሉ በሏቸው። ጭስ ማውጫ ያለው ቤትና አፕል ይሥላሉ። እንዲህ ያለ ቤት የት አይተው ነው? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ከ100 በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሯል፣ ሁሉም ቁልቁል ያዩሃል። በዱሮ ሥዕሎቻችን ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ለምን ይሣላል ብላችሁ አንድ ተማሪ ጠይቁ። አያውቅም። ይህን ሳያውቅ ነው ወደ ጭረት የምንወስደው? መጀመሪያ ፊደል ይቆጠራል፣ ግጥም ከዚያ ነው።

ሐረሬዋ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ልጠይቅ። «የራሳችን» ሲሉ የማን ነው? እኔ ያደግኩት ሐረር ነው። በእኛ ቤት ግድግዳው ላይ የሚደረደረው ስፌት ነው። ኮንሶ ለጀግናው መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀርጸው ዋካስ? የቀጨኔ ሸክላስ? የሽሮ ሜዳ ጥበብስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የመላእክት ሥዕል ብቻ «የራሳችን» ከተባለ የኔ ልጅ የት ትግባ?

ጋሼ ብራና፦
ልጄ፣ «ብቻ» የምትለዋን እኔ አልጻፍኩም። ወደ ላይ ተመልሰሽ አንብቢ። አንድ ምሳሌ ጠቀስኩ እንጂ ሌላውን አውጡ አላልኩም። ደግሞ ሥዕሉን እዩት፣ ተረዱት ማለት ስገዱለት ማለት አይደለም።

ሐረሬዋ፦
«ብቻ» አላሉም፣ ልክ ነው። ይቅርታ። ግን ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ያው አንዱ ነው። ሌላው ተቆጥሮ አያውቅም። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።

መምህር ጠመኔ፦
ይህን ትምህርት የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ «የፈረንጅ ጭረት» አንድ ነገር ልበል። ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ነው የተወለደው። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጃቸው ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጣና ያንን ሁሉ ቀይና ጥቁር ሠራ። የአባቱ እጅ የኛ፣ የልጁ የፈረንጅ ነው? ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንን ደግሞ እዩት። ለንደንና ፓሪስ ኖሮ የፍየል ቆዳ ላይ ሣለ። የጠልሰሙን፣ ማለት የዱሮውን የክታብ ሥዕል፣ ዓይንና መስመር ወስዶ የራሱ አደረገው። አፈወርቅ ተክሌንስ የት ትመድቡታላችሁ? የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕሉ 150 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ ተማሪዎቼ በታክሲ በደጁ ያልፋሉ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አያውቁም።

ቁጥር ወዳድ፦
መምህር፣ ታላላቆቹን ጠቀሱ፣ እናመሰግናለን። ጥያቄዬን ግን ማንም አልነካውም። ሰዓቱ ከየት ይምጣ?

የቨርጂኒያዋ፦
አዲስ አበባ 12 ዓመት ተምሬ የእስክንድርን ስም አንድም ቀን አልሰማሁም። የሰማሁት እዚህ ነው። ዋሽንግተን ያለው ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል፣ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ወንድ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «እማዬ፣ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ታውቂዋለሽ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። በጣም አፈርኩ። እባካችሁ ክፍለ ጊዜውን አትንኩት።

ቁጥር ወዳድ፦
እህት፣ እዚያ ቀለሙም ወረቀቱም በትምህርት ቤቱ ነው የሚቀርበው። እዚህ አንድ ፓኮ ከለር ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ? ውጭ ሆኖ አትንኩት ማለት ይቀላል።

የቨርጂኒያዋ፦
እዚያ ያሉትን የእህቴን ሁለት ልጆች ገንዘብ እየላክሁ የማስተምረው እኔ ነኝ። የከለሩን ዋጋ አውቀዋለሁ።

ሐረሬዋ፦
ስለ ሰዓቱ እኔ ልመልስ። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ወስፌዋን ይዛ፣ ስንደዶና አክርማዋን ውኃ ነክራ ትቀመጣለች። ክቡን ስትጀምር ለስንት እንደምትከፍለው አስቀድማ ታውቃለች። ለስድስት ከከፈለችው፣ በየዙሩ ስፌት ስትጨምር ስድስቱም ቦታ ላይ እኩል ነው የምትጨምረው። አንድ ከሳተች አበባው ይጣመማል፣ ትፈታዋለች። ልጅዎ ክፍልፋይ አቅቶታል ብለዋል ወንድሜ። አንድ ስፌት ሰፊ እናት ጋብዙና ክቡን ከፍለው ያሳዩት።

ቁጥር ወዳድ፦
ይሄ ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ግን ሚኒስትሪ ላይ ስፌት አይመጣም።

የስድስተኛ ቢ እናት፦
ሁላችሁም ወደ ሌላ ሄዳችሁ። ልጄ ደብተሯን ደብቃለች እያልኩ ነው እኮ። መምህር፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ በትክክል ምን ያደርጋሉ?

መምህር ጠመኔ፦
ሳልደብቅ ልናገር። እኔ የተመረቅኩት በስፖርት ነው። አዲሱ መጽሐፍ «ክወናና እይታ ጥበባት» ይባላል። ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሥዕል በአንድ ላይ ታጭቀውበታል፣ አስተማሪው አንድ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሰሌዳው ላይ ጀበና ሥዬ «ገልብጡ» ነበር የምለው። የኔን ጀበና ለሚመስል 10 ከ10 እሰጥ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። አሁን ከሰል፣ የቡና አተላና ቀይ አፈር አምጡ እላለሁ፣ ከካርቶን ጀርባ ላይ ይሠራሉ።

ጋሼ ያሉትን የአንድ ዓይን ነገር አስተምሬዋለሁ። ፎቶ ይዤ ሄጄ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየኋቸው። አንድ ልጅ ተነሣና «ቲቸር፣ እኔም በጎን ስታይ ዓይኔ አንድ ነው፣ ክፉ ነኝ?» አለኝ። ማንም አልሳቀም። እኔም ቶሎ መልስ አልመጣልኝም።

ጋሼ ብራና፦
ታዲያ ምን አልከው?

መምህር ጠመኔ፦
በጎን ተሥሎ ደግ የሚመስል ሰው ሥለህ አምጣ አልኩት። በነጋታው እናቱን ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ ስትጋግር ሥሎ መጣ። በጎን። ጭሱን በከሰል፣ ፊቷን በቡና። ዓይኗ አንድ ነው፣ ከጭሱ የተነሣ ጨፈን ብሏል።

ጋሼ ብራና፦
መምህር፣ እጅህን ይባርከው። ግን ይሄ ሕጉን መጣስ ነው። ልጁ ሕጉን በቅጡ ሳይለማመደው እንዲጥሰው አደረግከው። ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ዓመታት ይቀመጥ ነበር።

መምህር ጠመኔ፦
ጋሼ፣ እኔ ያለኝ በሳምንት 40 ደቂቃ ነው። ልጁ ግን ሕጉን አሁን አይረሳውም።

ጋሼ ብራና፦
በዚህ አልስማማም። 40 ደቂቃም ቢሆን መጀመሪያ ይገልብጥ። መገልበጥን አትናቀው።

ሐረሬዋ፦
አያቴም መጀመሪያ ያስገለበጠችኝ የእናቷን አበባ ነው። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ ይገርማል።

ቁጥር ወዳድ፦
እኔ የልጄን የሒሳብ ሰዓት አሁንም እፈልገዋለሁ። ሰፊ እናት የሚገኝ ከሆነ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የስድስተኛ ቢ እናት፦
ስለ እናትየው ሥዕል የጻፉትን ለልጄ አነበብኩላት። «በቡና ይሣላል እንዴ?» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ስብሰባው በሚቀጥለው ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ይቀጥላል፣ የክፍለ ጊዜው ጉዳይ በእጅ ብልጫ ነው የሚወሰነው። የዝናቡን ሥዕል ከግድግዳው አውርጄ ይዤው እገባለሁ። ከኔ ጋር እጁን የሚያወጣ ካለ ቀድሞ ይንገረኝ።