ለአሮጌ ዲቲ 125 ጎማ ይቅደም ወይስ ፎርክና ፍሬን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፣ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛሁት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለኝ። የፊት ጎማው 2.75-21፣ የኋላው 4.10-18 (ስፋታቸውና የቸርኬያቸው ልክ በኢንች) ሲሆን ፍሬኑ በሁለቱም በኩል ባለ ታምቡር ነው። የምመላለስበት መንገድ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ በክረምት ጭቃ የሚሆን ጠጠር ነው። የጎማዎቹ ጥርስ ብዙም ያልተበላ ቢሆንም ጎናቸው ተሰነጣጥቋል፤ የፊት ጎማውን ከሚይዘው ፎርክ በአንዱ እግር ዘይት ይወርዳል፤ የፊት ፍሬኑም እየደከመ መጥቷል። ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለማይሸፍን ከየትኛው ብጀምር ይሻላል? ምን ዓይነት ጎማስ ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (መካኒክ)

ፎርኩ ይቅደም። ዘይቱ የሚወርደው የፍሬኑ ክዳን (ታምቡሩን የሚከድነው፣ ሸራዎቹ የተገጠሙበት) ባለበት በኩል ከሆነ፣ በእግሩ ላይ ተንሸራቶ በክዳኑ ዙሪያ ወደ ታምቡሩ ሊገባ ስለሚችል የፍሬኑ መድከም ምናልባት የተለየ ችግር ላይሆን ይችላል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን እየተጫነ የሚያቆመው) በላምባ ቢታጠብም ሆነ በእሳት ቢለበለብ አስተማማኝ አይሆንም፤ መለወጥ አለበት። ሸራው ደረቅ ሆኖ ገጹ ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ይበቃል። በአሮጌ ሸራ ብናኝ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በአየር አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ሲል (የፎርኩ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ለመግዛት አይቸኩሉ። በመጀመሪያ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ወደ ላይ ያንሱና ቁራጭ የፎቶግራፍ ፊልም በሲሉ ከንፈር ሥር አስገብተው ዙሪያውን ያጽዱ፤ አንዳንድ ጊዜ ዘይቱን የሚያሾልከው የገባው አሸዋ ብቻ ነው። ካላቆመ ክሮሙን (የሚያብለጨልጨውን የፎርኩን ዘንግ) በጥፍርዎ ይዳስሱ። ሲሉ በሚመላለስበት ክፍል ላይ በዝገት የተበላ ቦታ ካለ አዲሱንም ሲል በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቆርጠዋል።

መልስ፣ ከሐዋሳ

ስለ ጎማው፦ የጥርሱ ጥልቀት አያታልልዎ። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ደርቋልና፣ በተለይ በእርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም። አዲስ ሲገዙ በጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ የምርት ቁጥር ያንብቡ፤ 2314 የሚል ከሆነ በ2014 ዓመት 23ኛ ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ዓመቱ ግን የፈረንጆች ነው! በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓ.ም. ስለሚሆን፣ «የ2014 ነው» ብሎ የሚሸጥልዎ ነጋዴ ሳይዋሽ የጎማውን ዕድሜ ወደ ስምንት ዓመት ሊያሳንስልዎ ይችላል።

ለመንገድዎ መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠራ ጎማ ይበጃል። ሙሉ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ መታጠፊያ ላይም ይዋልላል። 2.75 ካጡ 3.00-21 አብዛኛውን ጊዜ ይገባል፤ ሆኖም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ከፎርኩና ከጭቃ መከላከያው ጋር እንዳይነካካ ይለኩ። ጎሚስታው አሮጌውን ከመነዳሪ (አየር የሚሞላውን የውስጥ ጎማ) መልሶ እንዳያስገባው ይንገሩት፤ የተለጠጠ ከመነዳሪ በአዲስ ጎማ ውስጥ ይታጠፍና እጥፋቱ ላይ ይፈነዳል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

በፎርክ ውስጥ የሞተር ዘይት መጨመር በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት 40 ቁጥር ዘይት ስለሚወፍር ፎርኩ ድንጋይ ይሆናል። 10 ቁጥር የፎርክ ዘይት ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይቀርበዋል። የሁለቱ እግሮች የዘይት ከፍታ እኩል ይሁን፤ የሚለካውም ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ነው።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ክሮሙ ደህና ስለሆነ ሲሉን አስለውጣለሁ። ፍሬኑን ያየልኝ ባለሙያ ግን «ሸራ ከምትገዛ ክንዱን (የፍሬኑ ገመድ የሚስበውን) አንድ ጥርስ ላዙርልህ» ብሎኛል። ይሁን ልበለው?

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (መካኒክ)

አይሁን። ክንዱን ማዞር ያለቀውን ሸራ ይደብቃል እንጂ ፍሬን አይሆንም፤ ሸራው ይበልጥ ሲሳሳ ፍሬኑን የሚከፍተው ዘንግ ከልክ በላይ ዞሮ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ሸራው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ይለውጡት፤ ታምቡሩም ውስጡ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ እንዳላለፈ ያስለኩ። ሲገጥሙ ጎማውን የሚይዘውን ዋና ብሎን ከማጥበቅዎ በፊት ጎማውን አሽከርክረው ፍሬኑን ይያዙና እንደያዙ ያጥብቁ፤ ሸራዎቹ መሐል ይይዛሉ። ከሁሉም በላይ በፎርኩ እግር ላይ ያለው ጉብታ በክዳኑ ስንጥቅ ውስጥ በትክክል መግባቱን በዓይንዎ ይዩ፤ ካልገባ ፍሬን ሲይዙ ክዳኑ አብሮ ይዞርና ጎማውን ይቆልፈዋል።