ባለ 100፣ ባለ 125 ወይስ ባለ 150? ርካሽ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ምክር ፈልጌ ነው

ፓምፕ ጠጋኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው፤ በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል። ግማሹ መንገድ አስፋልት፣ ግማሹ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ዳገትም አያጣም። እኔ 82 ኪሎ እመዝናለሁ። ከኋላ የምትታሰር 15 ኪሎ የምታህል የመፍቻ ሣጥን አለችኝ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ረዳቴ አብሮኝ ይቀመጣል።

እስካሁን ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። አንደኛው እንደ ሂሮ ስፕሌንደር ያለ ባለ 100 ሲሲ ነው (ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደር መጠን መለኪያ ነው)። ሁለተኛው ባለ 125 ሲሆን፣ ያማሃ ዋይቢአርና ከሆንዳ ሲጂ የተቀዱት፣ ስማቸው ብዙ መልካቸው አንድ የሆኑት ሞተር ሳይክሎች አሉበት። ሦስተኛው ባለ 150 ነው፤ ባጃጅ ቦክሰርና የእነዚያው ቅጂዎች ታላቅ ወንድሞች። ሻጮች የሚሰጡኝ ወረቀት ላይ የፈረስ ጉልበትና ከፍተኛ ፍጥነት በትልቁ ተጽፏል። ፍጥነት አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሰው ውሃ ተቋርጦበት እየጠበቀኝ፣ እኔ መንገድ ዳር ሞተር ሳይክል ስገፋ መገኘቴ ነው። በጉልበትም በጥንካሬም ገንዘቡን የሚክሰው የትኛው ነው?

ነፋስ ቀዳሚ

ባለ 150 ግዛና ተገላገል። 12 የፈረስ ጉልበት ከ8 ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሰው ከኋላ ጭነህ ዳገት ላይ ባለ 100 ስትነዳ አሸዋ የጫነ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ያልፍሃል። ትልቅ ሞተር ደግሞ ስለማይጨነቅ ዕድሜው ይረዝማል። በቤንዚን የምታተርፈውን ትንሽ ነገር በትዕግሥት ትከፍለዋለህ።

የዘይት እጅ

ነፋስ ቀዳሚ ያለው ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ እኔ ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ አየዋለሁ።

በመጀመሪያ የፈረስ ጉልበት ስታነብ ከጎኑ ያለውን የዙር ቁጥር አብረህ አንብብ። ስፕሌንደር 8 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 8000 ዙር ሲሽከረከር ነው። የመፍቻ ሣጥን አስሮ በጠጠር ላይ 8000 ዙር የሚነዳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቦክሰር 150 ደግሞ 12ቱን በ7500 ዙር ይሰጣል። አንተን የሚጠቅምህ ግን ሻጩ በትንሹ የጻፈው ሌላው ቁጥር ነው፤ የማሽከርከር ኃይል። ቦክሰሩ በ5000 ዙር ከ12 ኒውተን ሜትር በላይ ይሰጣል፤ ስፕሌንደሩ በ6000 ዙር 8 ገደማ ነው። ባለ 150ው በሦስተኛ ማርሽ ተረጋግቶ የሚወጣውን ዳገት ባለ 100ው በሁለተኛ እየጮኸ ይወጣዋል። መውጣቱን ግን ይወጣዋል።

ሁለተኛው ነገር፣ 150 የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ሁሉ እንደ 150 የተወለደ አይደለም። ቅጂ ልትገዛ ከሆነ ታንከሩ ላይ ያለውን ንስርና ነበልባል ተውና ሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ኮድ አንብብ። 162ኤፍኤምጄ የሚል ከሆነ፣ 1 ማለት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 62 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ ጄ የ150 መደብ ማለት ነው። 156ኤፍኤምአይ ካለ የባለ 125 ሞተር ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የሆንዳ ሲጂ 125 ሲሊንደር ስፋቱ 56.5፣ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊሜትር ነው። የብዙዎቹ ባለ 150 ቅጂዎች 62 በ49.5 ነው። ምልልሱ ያው ነው! ሲሊንደሩን አስፍተው፣ ተለቅ ያለ ፒስተን ከተው፣ 150 ብለውታል። ከታች ያለው አካል ለ125 የታሰበውን ንድፍ ይዞ የ150ን ምትና ሙቀት እንዲሸከም ተደርጓል። ስለዚህ ከቅጂዎች መካከል ምረጥ ብባል 125ቱን እወስዳለሁ። ቦክሰር ከዚህ ዘር አይደለም፤ የራሱ ሞተር ነው፣ በትክክል ሲለካም 144.8 ሲሲ ነው። እሱን ከቅጂዎቹ ጋር በአንድ ሚዛን አታስቀምጠው።

ስለ ሲጂ ትንሽ ልናገር፤ የምወደው ሞተር ነውና አትታዘቡኝ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲያወጣው ያሰበው ጥገና በቀላሉ ለማያገኝ ባለቤት ነበር። ሌሎቹ አብዛኛዎቹ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ከላይ፣ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ ያስቀምጡና ረጅም ቀጭን ካቴና ከታች ያዞረዋል። ካቴናው ይረዝማል፣ ማወጠሪያው ይደክማል፣ ያኔ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ሲጂ ላይ ዘንጉ ከታች ነው፤ ጥርስ ለጥርስ ይዞራል፤ ወደ ላይ የሚገፉት ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። የሚረዝም ካቴና የለበትም። የቫልቭ ክፍተቱ ሲሰፋ እንደ ስፌት መኪና ይንጣጣል፤ ያ ድምፅ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለት መፍቻና አንድ ቀጭን የመለኪያ ቅጠል ይዘህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ 0.08 ሚሊሜትር መልሰህ ታጠብቀዋለህ። ከፍተኛ ዙር ግን አይወድም፤ ዘንጎቹ ከባድ ናቸው። ንዝረቱም አለ፤ በንዝረት የሚላላ ብሎንና የሚቃጠል አምፖል የማያስቸግረው ሰው ይግዛው።

ዋይቢአር ሌላ ሰው ነው። 54 በ54 ሚሊሜትር፣ ዘንጉ ከላይ፣ ንዝረትን የሚያጠፋ ተጨማሪ የሚዛን ዘንግ ያለው። ቀኑን ሙሉ ብትነዳው እጅህ አይደነዝዝም። ከተሠራበት ብረት ጥራት አንጻር ከቅጂዎቹ ጋር ባላወዳድረው ይሻላል። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ማንም ሻጭ የማይነግርህ። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያቺ አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። ስፕሌንደርና ሲጂ እንደ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም፤ ያላቸው ከታች የሽቦ ወንፊት፣ ከጎን ደግሞ ቆሻሻውን በሽክርክሪት ወደ ዳር የሚወረውር ክብ ነገር ነው። ስለዚህ ዘይቱን ራስህ ካልቀየርከው ቆሻሻው የሚሄድበት የለም። ጋራዥ ከሚመጡት የደከሙ ትንንሽ ሞተሮች አብዛኛዎቹን ያደከማቸው ጭነት አይደለም፤ ጠቁሮ የቀጠነ፣ ከዚያም በላይ መጠኑ የጎደለ ዘይት ነው። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ያልቃል፣ ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል፣ ባለቤቱ ደግሞ «ይሄ ብራንድ አይረባም» ይላል።

የመኪና ዘይትም አትጨምር። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በጣም እንዲያንሸራትት ያደረጉት ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ የሞተር ሳይክሉ ፍሪሲዮን እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የተነከረው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ፈልግ፤ ዘይት ውስጥ ለተነከረ ፍሪሲዮን የሚሆን ማለት ነው።

ፓምፕ ጠጋኝ

የዘይት እጅ፣ ስለ ዝርዝር መልስዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ኮዱን ሄጄ አነበብኩት፤ 150 ተብሎ የቀረበልኝ እውነትም 162 ነው የሚለው። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ ካርቡራቶር የሌለው፣ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ አንድ ባለ 125 አሳይተውኛል፤ ይመክሩኛል? ሁለተኛ፣ ባለ 100ውን ፈጽሞ ልተወው?

ባለ መቶዋ

ለሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ባለ 100 ስለምነዳ። የጤና ባለሙያ ነኝ፤ መድኃኒትና ክትባት ይዤ ጭቃ ውስጥ የምገባበት ቀን ብዙ ነው።

ወንድሜ፣ ስለ ጉልበት ሁሉም ያወራል፤ ስለ ክብደት የሚያወራ የለም። ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያነሳው ማን ነው? ባለ 100ውን ብቻዬን አነሳዋለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ባለ 150ውን ለማንሳት መንገደኛ ይጠብቃል። ሞተሩ ወደ ፊት ተኝቶ የተሠራ ስለሆነ ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው። ንድፉ ከድሮው የሆንዳ ዘር የመጣ ነው፤ የዚያ ዘር አባት ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጥቶ እስከ 2017 ድረስ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ይህን ያህል ከተሠራ ነገር ውስጥ ያልታወቀ ችግር ይቀራል ብዬ አላምንም።

ሌላው የጎማው ቸርኬ ነው። ቆንጆውን ወጥ ቸርኬ አይተህ አትሳብ። ጉድጓድ ሲሰነጥቀው ያው መቀየር ነው። በሽቦ የተወጠረው ግን ቢጣመም ባለሙያ ሽቦዎቹን እያጠበቀና እያላላ ያቀናዋል። ወጥ ቸርኬ ለአስፋልት ነው።

እውነቱን ለመናገር ከኋላ ሰው ሲጫንብኝ ዳገት ላይ አዝናለሁ። እኔ 55 ኪሎ ነኝ። አንተ 82፣ ሣጥኑ 15፣ ረዳትህ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ አልነገርከንም። በየቀኑ የሚጫን ከሆነ ባለ 100 አልመክርህም፤ አልፎ አልፎ ከሆነ ግን ቤንዚን ማደያ በር ላይ ታመሰግነኛለህ።

ነፋስ ቀዳሚ

አሸዋ የጫነው መኪና አልፎሽ ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ባለ መቶዋ

ያልፈኛል። ትንሽ ቆይቶ ማቀዝቀዣው ፈልቶበት መንገድ ዳር ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ሰላም ብዬ አልፋለሁ።

የዘይት እጅ

እህታችን ስለ ክብደትና ስለ ቸርኬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔም መናገር ነበረብኝ።

ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚረጨው፤ በንድፍ ደረጃ የተሻለ ነው። በተለይ ከፍታ ቦታ የምትነዳ ከሆነ። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ያንተ 12 የፈረስ ጉልበት እዚያ ላይ ወደ 10 ይወርዳል፤ ካርቡራቶሩ ይህን ስለማያውቅ የለመደውን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ኤሌክትሮኒክሱ ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ችግሩ ባትሪው ነው። ባትሪ የሞተበት ካርቡራቶር ያለው ሞተር ሳይክል በእግር ተመትቶ ይነሣል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ግን የቤንዚን ፓምፑን የሚያዞር ኤሌክትሪክ ካላገኘ ብትመታውም አይሰማህም። አንተ መንገድ ዳር መግፋት ነው የፈራኸው፤ የምትሠራበት አካባቢ ኮምፒውተሩን የሚመረምር መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከሌለ ካርቡራቶር ይሁንልህ። ካርቡራቶር ሲታመም በአንድ መፍቻና በንጹሕ ቤንዚን ታክመዋለህ። ፓምፕ የሚፈታ እጅ ለዚህ አያንስም።

እንግዲህ ያንተን ሁኔታ ልፍረድ። ረዳትህ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ባለ 125 ይበቃሃል፤ ገንዘብህ ከደረሰ ዋይቢአር፣ ካልደረሰ ንጹሕ 156 ቅጂ። በየቀኑ የሚቀመጥ ከሆነ ቦክሰር 150። ያን 162 እዚያው ተወው። ባለ 125ው ዳገት ላይ ደከመኝ ካለህ ደግሞ ሞተር አትቀይር፤ ካቴናውን የሚያዞረው የፊቱ ጥርስ ባለ 15 ከሆነ አውጥተህ ባለ 14 አስገባ። ፍጥነቱ በመቶ ሰባት ገደማ ይቀንሳል፣ የመጎተት አቅሙ በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚህ የረከሰ ጉልበት የሚሸጥበት ቦታ አላውቅም።

ስትገዛ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅህ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በቀዝቃዛው አስነሳው፤ መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በሞተሪኖ። ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ተመልከት። አዲስም ቢሆን የመጀመሪያውን ዘይት መመሪያው በሚለው ኪሎ ሜትር ላይ ሳታዘገይ ቀይር፤ ከአዲስ ሞተር የሚወጣው የብረት ብናኝ በዓይን ይታያል።

ፓምፕ ጠጋኝ

ረዳቴ 70 ኪሎ ነው፤ የሚቀመጠውም በሳምንት አንድ ቀን ነው። እንግዲያው ባለ 125 ነው። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የዘይቱን መጠን ስለካ መለኪያውን አጥብቄ ነው ወይስ አላልቼ የማነበው?

የዘይት እጅ

ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ላይ በሁለቱ እግር አቁመው፤ ወደ ጎን ከተጋደመ ንባቡ ይዋሻል። መለኪያውን አውጥተህ በጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ ሳታዞር ቀዳዳው ላይ ብቻ አስቀምጠህ መልሰህ አውጣ። አጥብቀህ ካነበብክ የጎደለውን ሙሉ ነው ይልሃል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ ይሁን።