የስካርሌት ልጆች የት ገቡ? (ክትፎ ተይዞበታል)

የቤተል ልጅ፦

ወገኖች፣ አንድ ጭቅጭቅ ገላግሉን።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለን። መብራትም በተአምር ሳይጠፋ ዋለ። እኔና ባለቤቴ "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ"ን ቁጭ ብለን አየነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለነበረችው ስለ ስካርሌት የሚተርከውን የድሮ ፊልም። 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቡና ሁለት ጊዜ አፍልቼ ሁለቴም አቦል ቶና በረካ ተጠጥቶ ፊልሙ አላለቀም።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት ሃይስኩል እያለሁ ነው፤ የነቢይ መኮንንን ትርጉም፣ "ነገም ሌላ ቀን ነው"ን። የሰፈር ሰው አውሶኝ "በሳምንቱ መልሺ" ስላለኝ በሻማ ጭምር ነው የጨረስኩት። ዘንድሮ ደግሞ እንግሊዝኛውን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዛሁ። ከ1 ሺህ ገጽ በላይ ነው። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ሰኔ ላይ ጀምሬ በሐምሌ መጨረሻ ተገላገልኩት።

እና ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቴ ምን ይላል? "ምስኪን፣ አንድ ልጅ ነበረቻት፤ እሷንም ፈረስ ገደላት።"

"አንድ? ሦስት ናቸው እንጂ!" አልኩት።

ሳቀብኝ። "4 ሰዓት ሙሉ አብረን አየን። ሌሎቹ ሁለቱ ሽንት ቤት ነበሩ?"

ተወራረድን። የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል። ፍልሰታ ስለሆነ እስክንፈታ ይቆያል፤ ስለዚህ ለመልስ ጊዜ አላችሁ።

ማነው ልክ? ከዚያ ደግሞ የበለጠ የከነከነኝ ነገር አለ። ልጆቹ ለምን ወጡ? "ለማሳጠር ነው" እንዳትሉኝ። ሰውን 4 ሰዓት የሚያስቀምጥ ሰው ለሁለት ሕፃን አምስት ደቂቃ ያጣል?

ሳቂታው፦

ባልሽ ስለ ፊልሙ ልክ ነው፣ አንቺ ስለ መጽሐፉ ልክ ነሽ። ሒሳቡን ግማሽ ግማሽ ክፈሉ። ለገላጋዩም አንድ ጎመን በአይብ አይረሳ።

ባለ መቀሱ፦

እህቴ፣ ክትፎው ያንቺ ነው። መጽሐፉ ላይ ልጆቹ ሦስት ናቸው፣ ከሦስት ባል። ዌድ ከቻርልስ ሃሚልተን፣ ኤላ ከፍራንክ ኬኔዲ፣ ቦኒ ከሬት በትለር። ፊልሙ ሦስቱንም ባሎች ይዞ ሁለቱን ልጆች ጣለ።

እኔ ልቦለድ ለሬዲዮ ድራማ ሳሳጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። መቀስ ይዤ ነው ያረጀሁት። እና የአምስት ደቂቃው ነገር እንዳሰብሽው አይሠራም። ሕፃን አንዴ ታሪክ ውስጥ ከገባ አድማጭ አይለቅሽም። "ልጁስ? ማን ያዘው? በላ ወይ?" ይላል። ስካርሌት ጦርነቱን ፈርታ ከአትላንታ ስትሸሽ ጋሪው ላይ የቻርልስ እህት ሜላኒ ከነአራስ ልጇ አለች፤ ያ ራሱ ጭንቅ ነው። ዌድንም ከጫንሽው፣ የቤተሰቧ እርሻ ታራ ደርሳ ፈረሱም ሰዉም ሲወድቅ እሱን ማን እንዳወረደው ማሳየት አለብሽ። ከሬት ጋር ስትጣላ ልጁ የት እንዳለ ማሳየት አለብሽ። ሁለት ልጅ እያንዳንዱን ትዕይንት ይነካል።

ሆኖም ይሄ የባለሙያ ሰበብ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ነገር አለ። መጽሐፉ ላይ ዌድ እናቱን የሚፈራ ልጅ ነው። ቀሚሷን ይዞ ሲያለቅስ ትጮህበታለች። ደራሲዋ ማርጋሬት ሚቸል ይህን አንዴ አሳይታን አታልፍም፣ በየመሀሉ ጣል ታደርገዋለች። ስካርሌት እንዴት ያለች ጎበዝ ናት ብለሽ ማድነቅ ስትጀምሪ፣ ያ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ያይሻል። ፊልሙ እሱን ሲያወጣው ስካርሌት ሸክም ወረደላት። ለመሬቷ የታገለች፣ ፍቅር ዘግይቶ የገባት ሴት ሆነች። ክፉ እናትነቷ አብሮ ተቆረጠ።

አንድ ቦታ ላሳይሽ። ሬት የአትላንታን ሰው ሁሉ ሲንቅ የኖረ ነው። ቦኒ ከተወለደች በኋላ ግን ለእነዚያ ኩሩ ባልቴቶች ባርኔጣውን ማንሳት ይጀምራል። ፊልሙ ላይ ሕፃኗን በጋሪ እየገፋ ለእያንዳንዷ እመቤት ሰላምታ ይሰጣል፤ ስቀሽ ታልፊያለሽ። መጽሐፉ ላይ ግን ነገሩ ከዌድ ነው የሚነሳው። የአንድ እኩያው ልደት ነው፤ ዌድ ቤት ቀርቷል። ሬት ለምን አልሄድክም ይለዋል። አልተጠራም። ሲጠይቀው ያልተጠራበት ድግስ ያ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል። ልጁ እንደ ተራ ነገር ነው የሚያወራው። ሬት ያኔ ነው የሚደነግጠው፤ በዚህ ከቀጠልን ነገ ቦኒንም የሚጠራት የለም። የኩሩ ሰውዬ አንገት የተሰበረው በእንጀራ ልጁ አንዲት መልስ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ሌላውን ሁሉ ቆርጬ ያቺን አስቀር ነበር።

ደግሞ የወጡት ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ያ ባለ እንጨት እግር ወታደር ትዝ ይልሻል? ዊል ቤንቲን፣ ታራን ቀጥ አድርጎ የያዘው? ፊልሙ ላይ የለም። የስካርሌት አባት አሟሟትም ተቀይሯል። ፊልሙ ላይ መሬታቸውን ሊገዛ የመጣውን ሰው በፈረስ ሲያሳድድ አጥር ዘሎ ይወድቃል። መጽሐፉ ላይ የራሱ ልጅ ሱለን ናት ለገንዘብ ብላ አስክራ ለመንግሥት የታማኝነት መሐላ ልታስፈርመው የነበረችው። ነገሩ ሲገባው ወረቀቱን ቀዶ፣ በንዴት ጋልቦ፣ ያንኑ አጥር ይዘላል። አወዳደቁ አንድ ነው፤ ለቅሶው ግን ለየቅል። በመጽሐፉ ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ሱለንን በዓይኑ ሊበላት ነው።

ለጸሐፊው ግን አዝናለሁ። ሲድኒ ሃዋርድ ያን ሁሉ ገጽ ወደ ስክሪፕት ሲያወርድ ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ብዙ ሌላ ጸሐፊ ደርቦበታል። ሃዋርድ ፊልሙ ከመመረቁ በፊት እርሻው ላይ በትራክተር አደጋ ሞተ። ኦስካሩንም ከሞተ በኋላ ነው የሰጡት። እኛስ ቢያንስ በሕይወት እያለን ነው የምንሰደበው።

የአትላንታው ሹፌር፦

ሰላም ከአትላንታ። እኔ እዚህ ሰው ሳመላልስ ነው ይሄን ታሪክ የለመድኩት። ሚቸል መጽሐፉን የጻፈችበት ቤት ፒችትሪ ስትሪት ላይ ሙዚየም ሆኖ አለ። ምድር ቤት ላይ ያለ ጠባብ አፓርታማ ነው፤ ራሷ "ቆሻሻ መጣያው" ትለው ነበር ይባላል። የሞተችውም ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ከባሏ ጋር ፊልም ለማየት ፒችትሪን ስታቋርጥ መኪና ገጫት፣ በ5ኛው ቀን አረፈች። የገጫት ሰው ታክሲ ሹፌር ነበር፣ ያን ምሽት ግን በግል መኪናው ነው። ይሄን ለተሳፋሪ አልናገርም።

ስለ ፊልሙ ግን አንድ ነገር ልበል። "ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸው" የሚል ሰው ይህን ልብ ይበል። ስካርሌት መንገድ ላይ ጥቃት ሲደርስባት ወንዶቹ ማታ ሊበቀሉ ይወጣሉ፣ ፍራንክም ይሞታል። ፊልሙ ላይ "የፖለቲካ ስብሰባ" ሄዱ ተብሎ ይታለፋል። መጽሐፉ ላይ ኩ ክሉክስ ክላን ናቸው፣ ጥቁሮችን የሚያሸብረው የነጮች ቡድን፣ በስም፣ ያውም እንደ ጀግና። ጥቁር የሚሰደብበት ያ ቃልም መጽሐፉን ሞልቶታል፤ ፊልሙ ውስጥ አትሰሚውም። ጥቁሮቹ ስለተቃወሙ ሴልዝኒክ አስወጣው። ስለዚህ የባለ መቀሱ መቀስ አንዳንዴ ጥሩ ነገርም ይቆርጣል።

ባርነቱ ግን በሁለቱም የደስ ደስ ያለው ኑሮ ይመስላል። የቤት ባሪያዋን ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ የኦስካር ተሸላሚ ናት። ፊልሙ ዲሴምበር 15 ቀን 1939 እዚሁ አትላንታ ሲመረቅ ግን በጥቁርና ነጭ መለያየቱ ሕግ ምክንያት አልመጣችም።

ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው፣ 14 ዓመቷ ነው። ግማሽ ሰዓት አብራኝ አየችና "አባዬ፣ ለማን ነው የምናዝነው?" ብላ ተነስታ ሄደች። እኔ ጨረስኩት። ሙዚቃው ደስ ይላል።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆች፣ ስለ መጨረሻው ማንም አላነሳም እኮ።

ፊልሙ ላይ ሬት ሻንጣውን አንጠልጥሎ በር ይከፍትና ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ሄደ፣ በቃ። ሬትን የሚጫወተው ክላርክ ጌብል ያቺን ዝነኛ ንግግር "ፍራንክሊ" (እውነቱን ልንገርሽ) ብሎ ይጀምራታል፤ ቃሏ ከፊልሙ የመጣች ናት። መጽሐፉ ላይ ሰውዬው አጭር ትንፋሽ ይወስድና ለስለስ ባለ ድምፅ "ውዴ፣ ደንታም የለኝ" ይላታል። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ወደ በር እንዳትሉኝ። ደረጃውን ወጥቶ ፎቅ ይገባል። እሷ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ስትል ሰውዬው እዚያው ቤት፣ ከራሷ በላይ ነው ያለው። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ ፊልሙን ብቻ ያዩ ተማሪዎች "ተመለሰ እንዴ?" ይሉኝ ነበር። መጀመሪያውኑ መቼ ሄደ?

ነቢይ መኮንን ርዕሱን ከሽፋኑ አልወሰደም፤ ከዚችው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው የወሰደው። ሚቸልም ራሷ መጀመሪያ አስባው የነበረው ርዕስ ይህ ነበር። ነቢይ የተረጎመው በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። ወደ 3 ሺህ ቁራጭ ይሆናል። እስር ቤት ያለ ሰው የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሚቆም ማየት ነው።

አንቺ የቤተል ልጅ፣ በሻማ ያነበብሽው እሱን ነው። ዓይንሽን ጠብቂ።

የቤተል ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ ዓይኔ መነፅር ከገባ ቆይቷል።

የደረጃውን ነገር እንዳነበብኩ መጽሐፉን ገለጥኩ። እውነት ነው! ሁለት ጊዜ አንብቤው ፊልሙ ሰውዬውን ከአእምሮዬ አስወጥቶት ነበር። በሩን ሲዘጋ ጭምር "ትዝ ይለኝ" ነበር እኮ።

ለባለ መቀሱ ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁለት። ትናንት ማታ ስካርሌት ታራ ሊዘርፍ የገባውን ወታደር የምትገድልበትን ቦታ መልሼ አየሁት። ስካርሌት ደረጃው ላይ ተኩሳ ትጥለዋለች። ሜላኒ ከአልጋዋ ተነስታ፣ በሌሊት ልብሷ፣ መቆም እንኳ አቅቷት፣ ከሷ የሚከብድ ሰይፍ እየጎተተች ትመጣለች። ሰይፉን አቁሜ አየሁት። ማን ነው ባለቤቱ? መጽሐፉ ላይ የቻርልስ ነው፣ የዌድ አባት። በኋላ ወታደሮች ታራን ሊዘርፉ ሲመጡ ያንን ሰይፍ ሲያነሱት ዌድ "የኔ ነው!" ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ አለ። ያ ፈሪ ልጅ በዚያ ቀን አፉን የሚከፍተው ለዚያ ሰይፍ ብቻ ነው። ፊልሙ ልጁን አውጥቶ ሰይፉን ረስቶታል፤ እዚያው ሜላኒ እጅ ላይ አለ።

ለባለቤቴ አሳየሁት። "ሰይፍ ልጅ አይሆንም" አለኝ። ክርክሩ ሲጠበው ግን "እሺ፣ መጽሐፉ ላይ ሦስት ይሁኑ" ብሎ አመነ። ክትፎው በነሐሴ 16 ነው፣ በሱ ኪስ። ለብለብ አልቀበልም ብያለሁ። ሳቂታው፣ ጎመንህን እኔ እከፍላለሁ።

ከዚያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ያን በፕላስተር የታሸገ መጽሐፍ አንስቶ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ። ቆመ። እንደገና አነበበ።

"ስካርሌት ቆንጆ አልነበረችም ይላል እኮ!"

4 ሰዓት ሙሉ ቪቪያን ሊን አፍጥጦ ያየ ሰው ነው። መጽሐፉ ተሳስቷል አለኝ። በዚህም እንወራረድ እያለ ነው።