የመኪና ጎማ በሞተር ሳይክል ላይ፦ «የኛ መንገድ ቀጥ ያለ ነው» ለምትሉ

ኩርባ ወዳድ፦
ትናንት እዚሁ የሞተር ነጂዎች ቡድን ውስጥ የኤፍጄአር 1300 (የያማሃ ከባድ የጉዞ ሞተር) የኋላ ቸርኬ ላይ 205/50 አር 17 (ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 50 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች) የመኪና ጎማ ተገጥሞ ፎቶው ተለጠፈ። ከስሩ «የሞተር ጎማ 7,000 ማይል ላይ ያልቃል፣ ይሄ 20,000 ይሄዳል፣ ዋጋው ግማሽ ነው፣ የኛ መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን አይተው መንጃ ፈቃድ ገና ያወጡ ልጆች «የት ነው የሚገጥሙልን?» እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የሞተር ጎማ ክብ የሆነው ለመልኩ አይደለም። ሞተር የሚታጠፈው ተጋድሞ ነው። ክቡ ጎማ ሲጋደም መሬት የሚነካው ቦታ ከመሀል ወደ ትከሻው ቀስ እያለ ይሸጋገራል። የመኪና ጎማ ጠፍጣፋ ስለሆነ ስታጋድመው በአንድ ጠርዙ ይቆምና ሌላው ጠርዝ ከአስፋልቱ ይነሳል። ክብደቱ ከመሀል መስመር ወጥቶ ጠርዙ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው ሞተሩን መልሶ ሊያቆመው ይታገልሃል። ኩርባው እስኪያልቅ መሪውን እየገፋህ መያዝ አለብህ። መሀሉ ጎድጎድ ባለ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማው የከባድ መኪናን ዱካ እየተከተለ ይጎትትሃል። ይህን ለጀማሪ መምከር ነውር ነው።

ባለ 205፦
ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም። ከጽሑፌ አንድ ዐረፍተ ነገር መርጠህ የቀረውን ተውከው። ቁጥሩን እንይ። ፋብሪካው የሚያዘው 180/55 የጭነት ቁጥሩ 73 ነው፣ ማለትም 365 ኪሎ። 205/50 ባለ 93 ኤክስኤሉ (ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረው) 650 ኪሎ ይሸከማል። ኤፍጄአር ነዳጅ ሞልቶ ብቻውን ወደ 290 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት የጎን ሳጥንና አንድ የኋላ ሳጥን ስትጨምርበት የሞተሩ ጎማ ወደ ገደቡ ይጠጋል፣ የእኔ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ንፋሱ ቢወጣም ጎኑ ሞተሩን የሚሸከም ዓይነት ጎማ አለ፤ እስቲ እንደሱ የሚሸከም የሞተር ጎማ አሳየኝ። የጎልድዊንግና የቫልኪሪ (የሆንዳ ከባድ ሞተሮች) ነጂዎች ስንት ዘመን ነዱበት። ከዋሽንግተን ሪችመንድ፣ ከሪችመንድ ሻርሎት ለሚመላለስ ሰው መንገዱ 95 ቁጥርና 85 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።

ጎሚስታው፦
650ው ኪሎ ሐሰት አይደለም፣ ግን የምታነጻጽረው የማይነጻጸር ነገር ነው። ያ ቁጥር ቀጥ ብሎ ለሚቆም ጎማ የወጣ ነው። መኪና ኩርባ ላይ ጎማው ጥቂት ዲግሪ ቢያዘነብል ነው። ሞተር 35 እና 40 ዲግሪ ይጋደማል። እዚያ ላይ የመኪና ጎማ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚነግርህ ቁጥር ጎኑ ላይ የለም፣ ማንም ለዚያ ብሎ አልፈተነውም።

ከዚህ የባሰው ግን መግጠሙ ነው። የሞተር ቸርኬ ጠርዝና የጎማው መቀመጫ ቅርጽ ከመኪናው ይለያል። የመኪና ጎማ ጎን ላይ «ጠርዙን ለማስቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ በላይ አትንፋ» ተብሎ ተጽፏል (ጠርዝ ማለት ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው የጎማው ከንፈር ነው፣ ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት መለኪያ)። የሞተር ቸርኬ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በ40 ቁጭ አይልም፤ ሰዎች 60፣ 70፣ ከዚያም በላይ ይነፋሉ። ጠርዙ ውስጥ ያለው የሽቦ ቀለበት በዚያ ግፊት ቢበጠስ የሚነፋውን ሰው ይጎዳል። ተቀመጠ ብለህ ብታወጣው እንኳ ሽቦው ውስጡ ተጎድቶ እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ሱቆች እምቢ የሚሉት ለዚህ ነው፣ አንተን ለመበዝበዝ አይደለም።

ባለ 205፦
ሱቆች እምቢ የሚሉት መከሰስን ፈርተው ነው። ሕጉን አምጣልኝ። የፌዴራሉ ደንብ ቁጥር 119 የሞተር ጎማ አምራችን ነው የሚመለከተው። 120ው አዲስ ሞተር ሠርቶ የሚሸጠውን ነው። ገዝቶ የሚነዳውን ባለቤት የሚከለክል የፌዴራል ደንብ የቱ ነው?

ሙኒክ፦
እዚህ ጀርመን ይህ ክርክር አይነሳም። የሞተር ጎማ በአውሮፓው ደንብ 75፣ የመኪናው በ30 ነው የሚጸድቀው፤ ሁለቱ አይቀያየሩም። ሞተር በየሁለት ዓመቱ ምርመራ ይገባል፤ የመኪና ጎማ ገጥመህ ብትቀርብ አታልፍም። የምርመራ ወረቀት ከሌለህ ደግሞ አትነዳም።

ባለ 205፦
እኔ ቨርጂኒያ ነኝ ወንድሜ።

ሙኒክ፦
ቨርጂኒያም በየዓመቱ ሞተር ትመረምራለች። የፊዚክሱ ሕግ ደግሞ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሲሻገር አይለወጥም።

ኩርባ ወዳድ፦
ወደ «ቀጥ ያለ መንገድ» ልመለስ፣ ልጆቹን የሚያሳስተው እሱ ነውና። ከ95 የምትወጣው በምንድነው? በመውጫው ጥምዝ ነው፤ ብዙዎቹ ክብ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይም አሸዋና የፈሰሰ ናፍጣ አይጠፋም። በ70 ማይል በሰከንድ 31 ሜትር ትሄዳለህ። ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና የጎማ ቅራፊ ቢጥል ወይም ምሽት ላይ አጋዘን ቢገባ ያ ቀጥ ያለ መንገድ ባንዴ ኩርባ ሆነብህ። ወደ ቀኝ ለመሸሽ የቀኙን መያዣ ትገፋለህ፣ ሞተሩም ወዲያው መጋደም አለበት፤ ከዚያ ወደ ግራ መልሰህ መስመርህን ትይዛለህ። ጠፍጣፋው ጎማ ሁለቱንም ጊዜ ይቃወምሃል። ልምድ ያለው ሰው አውቆት ጠንክሮ ይገፋ ይሆናል። ገና ስድስት ወር የነዳ ልጅ ግን ደንግጦ ፍሬን ይይዛል።

ባለ 205፦
ለጀማሪ አልመከርኩም። እኔን ጠይቀው ይሆናል፣ መልስ ግን አልሰጠሁም። በዝናብስ? ሰፊ ጎማ፣ ጥልቅ ቦይ። የኋላ ፍሬን ስትይዝ የሚቆምበትን ርቀት እኔ አውቃለሁ።

ጎሚስታው፦
ዝናብ ላይማ ክርክሩ ይጠብብሃል። ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከውስጡ ንፋስ ጋር አብሮ ይወርዳል። የመኪና ጎማ የሚገጥሙ ሰዎች ጎኑ እንዲለሰልስና ሞተሩ እንዲጋደምላቸው ብለው ንፋሱን ወደ 30 ያወርዱታል። ፋብሪካው ለኤፍጄአር ኋላ 42 ነው ያለው። ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ክብደት የቀለለበት ጎማ ላይ ንፋስ ስትቀንስ ቶሎ ነው የምትንሳፈፈው። ክቡ ጎማ ውሃውን ወደ ጎን እየሰነጠቀ ነው የሚያልፈው። የኋላ ፍሬን ያልከውን በተመለከተ፣ ጠንክረህ ስትይዝ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። እሱ ላይ የመኪና ጎማ አልገጠምክም።

አባ መፍቻ፦
ልጆች፣ ተደማመጡ። የሁሉም ነገር ሥር «የሞተር ጎማ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ነው። ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ የጠየቀ የለም።

አንደኛ፣ ኤፍጄአር፣ የካዋሳኪው ኮንኮርስ፣ የሆንዳው ኤስቲ 1300 ከባድ ሞተሮች ናቸው። ለ200 ኪሎ ሞተር የተሠራውን ተራውን ዓይነት ገዝታችሁ መሀሉ ጠፍጥፎ ሲያልቅ ጎማውን ትረግማላችሁ። ሚሽሊን ሮድ 6 ተራ አለ፣ ሮድ 6 ጂቲ አለ። ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2 ተራውና «ኤ» የሚል ምልክት ያለበት አለ። ሜትዘለር ሮድቴክ 01 ለከባድ ሞተር ኤችደብሊውኤም የሚል አለው። ውስጣቸው የተጠናከረ ነው፤ ዋጋቸው ብዙ አይለይም። ሻጩ ካልተጠየቀ አይነግራችሁም።

ሁለተኛ ንፋስ ነው። ለኤፍጄአር ፊት 39፣ ኋላ 42፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚለካው። አየሩ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። መስከረም ላይ የሞላ ሰው ኅዳር ላይ ካልለካ በ38 እየነዳ ነው። ጎማው ይሞቃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ የፊቱም ጥርሱ ከፍ ዝቅ እያለ መጮህ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ሲገዙ የጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራቱን አኃዝ ያንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ርካሽ ያሉት ጎማ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።

ባለ 205፦
አባ መፍቻ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን ሂሳቡን እርስዎም አይክዱትም። የተጠናከረው የኋላ ጎማ ከነማስገጠሚያው 300 ዶላር ገደማ ነው። ለ20,000 ማይል ሦስት ያስፈልገኛል፣ 900። የመኪናው 200 አይሞላም።

አባ መፍቻ፦
አልክድም። ልዩነቱ 700 ዶላር ነው። ያንን 700 ዶላር ከየት እየቆጠብክ እንደሆነ ግን ኩርባ ወዳድ ነግሮሃል።

ኮንኮርስ 14፦
ጎማ ከቀየራችሁ አይቀር የእኛን ችግር አንሱልኝ። ካዋሳኪ ኮንኮርስ 14ን በ190/50 አውጥቶት መሪው ከባድ ሆኖ ኖረ። 190/55 ስትገጥም ትከሻው ከፍ ይላል፣ ኩርባ ውስጥ በቀላሉ ይጋደማል፣ ከሞላ ጎደል አዲስ ሞተር ነው።

ሻፍት፦
ኤፍጄአር ከፋብሪካ 180/55 ይዞ ስለወጣ ይህ ችግር ኖሮበት አያውቅም። ያማሃ ከመጀመሪያው አስቦበታል።

ኮንኮርስ 14፦
ያማሃ ስድስተኛ ማርሽ ለመጨመር እስከ 2016 ያስጠበቃችሁን ግን አልጠቀስክም።

ሻፍት፦
ስለ ጎማ ነው የምናወራው!

ጎሚስታው፦
190/55 ያለውን ሰው ላስጠንቅቅ። ከ190/50 ዲያሜትሩ በ19 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ዙሪያው በ3 በመቶ። የኋላው ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል፣ የጎን መቆሚያው ላይ ሞተሩ ትንሽ ይበልጥ ያዘነብላል። ከኋላው መሸፈኛ ጋር ያለውን ክፍተት በእጅ እያሽከረከራችሁ ለኩ። ትራክሽን ኮንትሮልና ኤቢኤስ (ጎማው በነዳጅ እንዳይንሸራተትና በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚጠብቁት) የፊትና የኋላውን ፍጥነት ስለሚያነጻጽሩ መጠን በቀየራችሁ ቁጥር ይህን አስቡ። በነገራችን ላይ 205/50ም ከ190/50 በ15 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ከ180/55 ግን በ7 ብቻ።

ባለ 205፦
በ7 ብቻ። አያችሁ? የኔ ሞተር ላይ ልዩነቱ 1 በመቶ ነው።

ጎሚስታው፦
መጠኑ ልክ መሆኑ ቅርጹን ልክ አያደርገውም። ከጻፍኩት ሁሉ የሚጠቅምህን መስመር ብቻ አትውሰድ።

ሙኒክ፦
አንድ ጥያቄ፦ የኋላው ሲያልቅ የፊቱም አብሮ ይቀየር ወይስ እስኪያልቅ ይጠበቅ? እዚህ ሱቆቹ ሁልጊዜ ጥንድ ነው የሚሸጡት።

ኮንኮርስ 14፦
ጥንድ መሸጥ ንግድ ነው። አንድ የፊት ጎማ ሁለት የኋላ ጎማ ይጨርሳል።

አባ መፍቻ፦
ሁልጊዜ አይደለም። የፊቱ ጥርሱ ከፍ ዝቅ ብሎ ከተበላ፣ 3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ቢኖረውም ሞተሩ ኩርባ ውስጥ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አዲሱ የኋላ ጎማም ጥፋተኛ ይባላል። ጣትህን በጥርሶቹ ላይ ወደፊትም ወደኋላም አሂድ፤ በአንዱ አቅጣጫ ከቆረጠህ ቀይረው። የተለያየ ፋብሪካ መቀላቀል ይቻላል፣ ግን አንዱ ሹል ሌላው ድፍን ቅርጽ ካለው ሞተሩ ሲጋደም ይደናበራል። በተቻለ መጠን አንድ ቤተሰብ ይሁን።

ኩርባ ወዳድ፦
ጥሩ፤ ፊትና ኋላ የሁለት ፋብሪካ ጎማ ሲሆን እንኳ ሞተሩ ይደናበራል ብላችኋል። ታዲያ ፊቱ ክብ፣ ኋላው ጠፍጣፋ ሲሆንስ? ባለ 205፣ መልስልኝ።

ባለ 205፦
የመጀመሪያዎቹ 300 ማይሎች ይከብዳሉ። ከዚያ እጅ ይለምደዋል።

ኩርባ ወዳድ፦
እጅ ይለምደዋል ማለት ሞተሩ ልክ አይደለም ማለት ነው። ስካይላይን በሚባለው የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ ላይ፣ በ35 ማይል ገደቡ፣ የለመደው እጅህ ይበቃህ ይሆናል። ከስፔሪቪል ወደ ሉሬ በ211 ቁጥር መንገድ ስትወጣ ግን ኩርባው ገና ሳያልቅ መልሶ ይዞራል። እዚያ ከኋላህ ተከትሎ የሚነዳው ልጅ ያንተን ጎማ አይቶ እኔም ልግጠም ቢል ምን ትለዋለህ?

ባለ 205፦
211ን በዚህ ጎማ አልነዳም። መንገዴን መርጬ ነው የገጠምኩት። ጎን መኪና (ሳይድካር) ያላቸው ሞተሮች የመኪና ጎማ ሲገጥሙ ማንም አይጮህም።

ጎሚስታው፦
ጎን መኪና ያለው ሞተር አይጋደምም! እንደ መኪና ነው የሚታጠፈው፣ ለዚያ ነው ጠፍጣፋው የሚስማማው። ይህን ምሳሌ ማምጣትህ ራሱ የእኛን ወገን ነው የሚደግፈው።

ሻፍት፦
እኔ ኤፍጄአር ወዳጅ ነኝ፣ ባለ 205ም ከኛ ወገን ነው፣ ግን በዚህ አልቆምለትም። 180/55 ጂቲ፣ 42 ንፋስ፣ አለቀ።

ኮንኮርስ 14፦
ለአንድ ቀን እንኳ ተስማማን። 190/55 ግን ይበልጣል።

ሻፍት፦
አይበልጥም።

ኩርባ ወዳድ፦
ባለ 205፣ ጎማህን አውጣ አልልህም፣ ሞተሩም ሕይወቱም ያንተ ነው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ከፎቶው ስር የት እንደሚገጠም የጠየቁት ልጆች አሉ። ጠርዙ በ40 እንደማይቀመጥ፣ ኩርባ ላይ እንደሚታገል፣ 211ን አንተም እንደማትነዳበት ጻፍላቸው።

ባለ 205፦
ጠርዙ በ40 አለመቀመጡን እጽፋለሁ። ኩርባ ላይ «ይታገላል» የሚለውን ግን «መሪው ይከብዳል» ብዬ ነው የምጽፈው። 211ን መምረጥ ያለበት የሚነዳው ሰው ነው።

ኩርባ ወዳድ፦
«ይከብዳል» አይበቃም። ከባድ መሪና የሚመልስህ ጎማ አንድ አይደሉም።

ባለ 205፦
ለኔ አንድ ናቸው።