ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ለመግባት ምን እንያዝ?

የጅማ ልጅ፦ ሰላም ወገን! በጥር ከጅማ ተነስተን ጨበራ ጩርጩራ በድንኳን ልናድር አስበናል። ውስጡ መንገድም ሱቅም እንደልብ የለም አሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ዳውሮዋ፦ ጥር ጥሩ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃው አያስኬድም። ከሁሉም በፊት ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ያዙ። ዝሆንና ጎሽ ያለበት ጫካ ነው፣ ሣሩ ረጅም የሆነበት ቦታ ላይ ጎሹን አጠገባችሁ እስኪደርስ ላታዩት ትችላላችሁ። ለፎቶ ብላችሁ ዝሆን እንዳትጠጉ፣ በተለይ ግልገል ካለ!

መንገደኛ፦ አጎበርና እጅጌው ረጅም ልብስ አትርሱ፣ ወባ አለ። ኔትወርክ ስለሚጠፋ የምትመለሱበትን ቀን ለቤተሰብ ንገሩ።

የጅማ ልጅ፦ እሳትስ?

ዳውሮዋ፦ ስካውቱ ካሳያችሁ ቦታ ውጪ በፍጹም፣ በጥር ሣሩ ደረቅ ነው። ፌስታልና ጠርሙስም እዚያ አትቅበሩ፣ አውሬ ቆፍሮ ያወጣዋል። ጅማ ይዛችሁት ተመለሱ።