በሌይሽማንያ ውስጥ አዲስ የተመረተውን ኤችኤስፒ 83 (ሕዋስን ከሙቀት ጉዳት የሚጠብቅ ፕሮቲን) ከነባሩ እንዴት ልለይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው የካላዛር አምጪ በሆነው ጥገኛ ተሕዋስ በሌይሽማንያ ዶኖቫኒ ላይ ነው። በ26 ዲግሪ ያሳደግኳቸውን ፕሮማስቲጎቶች (ጅራፍ ያላቸው ረጃጅም የጥገኛው ቅርጾች) ወደ 37 ዲግሪና ፒኤች 5.5 ሳዛውራቸው ለውጡ በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ረጅሙ አካል አጥሮ ይከባል፣ ጅራፉም ይሰበሰባል። ፕሮቲን በአንቲቦዲ በሚለይበት ምርመራ፣ በዌስተርን ብሎቱ ላይ ግን የኤችኤስፒ 83 ባንድ ከሙቀቱ በፊትም በኋላም ያው ወፍራም ነው። ናሙናውን አቀጠንኩ፣ የፎቶውን ጊዜ አሳጠርኩ፤ ልዩነት የለም።

ፕሮቲኑ ድሮውንም በሕዋሱ ውስጥ የተትረፈረፈ ነው። ደግሞ እነዚህ ጥገኞች እያንዳንዱን ጂን በራሱ ፕሮሞተር (የጂን ማስጀመሪያ) አያዙትም፤ ብዙ ጂኖች አንድ ላይ ይገለበጣሉ። በሙቀት ጊዜ ቁጥጥሩ ያለው ከጂኑ በተገለበጠው ቅጂ፣ በኤምአርኤንኤው ዕድሜና ከእሱ ፕሮቲን በሚመረትበት ፍጥነት ላይ ነው። ወደዚህ ጥናት የሳበኝም ይሄው ነው። ስለዚህ አዲስ የተመረተውን ብቻ መለካት አለብኝ። በአዲስ ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ ምልክት የሚሆነውን ጨረር አመንጪ ሜታዮኒን ማግኘት አልቻልኩም፤ በመመረት ላይ ካለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምርቱን የሚያቋርጠው ፒውሮማይሲንና የእሱ አንቲቦዲ ግን አለኝ።

ጥገኞቹን ለአጭር ጊዜ ፒውሮማይሲን ሰጥቼ ኤችኤስፒ 83ን በራሱ አንቲቦዲ ነጥዬ ባወጣው፣ ተቆርጠው የቀሩት ያላለቁ ፕሮቲኖች የምርቱን ፍጥነት በትክክል ያሳዩኛል ወይስ ፖሊሶም (ፕሮቲን አምራች ራይቦዞሞች የተሰለፉበት ኤምአርኤንኤ) መለየት ይሻለኛል?